ልጁ እስኪረጋ

ዕድላዊት ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትውላለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። ሥራዋ ነው። ቡራዩ ከታ በሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ የኤምአርአይ ባለሙያ ናት። ሰው በወፍራሙ መስታወት ማዶ፣ ጠባብ ዋሻ በሚመስለው ማሽን ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጣ በማይክሮፎን «አይዞህ፣ እንዳትነቃነቅ፣ አሁን ትንሽ ይጮሃል፣ ልንጨርስ ነው» ትለዋለች። ወገቡን ያመመውም ጉልበቱ የተጎዳውም ተነስቶ ልብሱን ሲለብስ የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው። የእሷን ስም ጠይቆ የሄደ ሰው ትዝ አይላትም።

ማታ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራ ዓለም ገና ትገባለች። በወይዘሮ ተስፋነሽ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። እናትና አባቷን አታውቃቸውም። ሰበታ ያሳደገቻት አክስቷ ከሞተች ወዲህ «ገባሽ? በላሽ?» ብሎ የሚደውልላት ሰው የለም። የሥራ ቀን ደህና ነው፤ የታክሲው ግፊያም ቢሆን ሰው ነው። የሚከፋው እሑድ ነው። እሑድ ከሰዓት ዓለም ገና በሙሉ ዘመድ ጥየቃ የወጣ ይመስላታል፤ እሷ ያጠበችውን ልብስ ደግማ ታጥባለች።

መልኳስ የሚል አይጠፋም። ቆንጆ ናት። ግን የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ራሷም ረስታዋለች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጠጉሯን በላስቲክ ጠፍንጋ አስራ ትውላለች።

ዲሪርሳን ያገኘችው በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የማሽኑ ክፍል በር ላይ ቦርሳ ያዘለ ረጅም ወጣት ቆሞ አየች። ሚስቱን አጅቦ የመጣ ባል መሰላትና እንደ ወትሮዋ ቀልጠፍ ብላ አዘዘችው።

«ቀበቶዎን ያውልቁ። ስልክና ቁልፍ እዚህ ያስቀምጡ። ባለቤትዎ የት ናት?»

ወጣቱ ታዝዞ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። ከዚያ ቆም አለ።

«ባለቤት የለኝም።»

«ታዲያ ማንን ይዘው መጡ?»

«ኮምፒውተሬን» አለ፣ ቦርሳውን እያሳያት።

ዶክተር ዮፍታሔ፣ ምስሎቹን የሚያነበው ሐኪም፣ ከኋላ ደርሶ ሳቁን ለቀቀው። «ዕድላዊት፣ ሰውየውን ልብሱን ሳታስወልቂው በፊት ላስተዋውቅሽ። የነገርኩሽ ኢንጂነር ነው፤ ዲሪርሳ ይባላል፣ የሱሉልታ ልጅ ነው።» እሷ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት ወደደች። ዲሪርሳ ቀበቶውን እንደያዘ ፈገግ ብሎ አያት፤ ፈገግታው የሹፈት አልነበረም። ዓይኗን ሰበረች።

የመጣው ለእርጉዞች ምርመራ ነው። አልትራሳውንድ ማሕፀን ውስጥ ባለ ልጅ አንጎል ላይ አንድ ነገር ሲጠረጥር እናቶቹ ወደዚህ ይላካሉ። የታመመ ጉልበት «አትነቃነቅ» ሲሉት እሺ ይላል፤ ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ ግን ማንን ይሰማል? ራሱን ያዞራል፣ ይገለበጣል፣ ይራገጣል። ምስሉ ተደባልቆ ይወጣል። ዶክተር ዮፍታሔ «በግልጽ ማየት አልተቻለም» ብሎ ይጽፋል፣ እናቲቱም ጥርጣሬዋን እንደተሸከመች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዕድላዊት እነዚህን ሴቶች ስትሸኝ ሁልጊዜ እሷ ያጠፋችው ይመስላታል።

«እስከ ዛሬ ልጁ እንዲቆምላችሁ ስትጠብቁ ነበር» አለ ዲሪርሳ። «አይቆምም። እኛ እንከተለው። ራሱን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ እየደጋገምን እናንሳው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ምስል ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ትነሳ። ከዚያ የተበላሸውን ቁራጭ ኮምፒውተሩ ይጥልና የቀረውን በየቦታው ይመልሰዋል።»

«አልገባኝም።»

«ሽንኩርት ስትከትፊ ሰው እጅሽን እየገፋ ቢያስቸግርሽ ቁራጮቹ ይንሻፈፋሉ አይደል? የእኔ ሥራ እነዚያን ቁራጮች ለቅሜ ሽንኩርቱን መልሼ መግጠም ነው።»

«አያስለቅስህም?»

«በየቀኑ ነው የሚያስለቅሰኝ።»

«አንተ» ያለችው ሳታስበው ነው። እሱም አልከፋው።

ሌላው ቀን ማሽኑ በወገብና በጉልበት ስለሚያዝ ቅዳሜ ከሰዓት ለእርጉዞቹ ተለቀቀ። ሁለቱ በጠባቧ የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሷ እናቲቱን በግራ ጎኗ ታስተኛለች፣ ሆዷ ላይ የምስል መቀበያውን ታለብሳለች፣ ጆሮዋን ትደፍንላታለች፣ በድንጋጤ ጊዜ የምትጨምቀውን ኳስ እጇ ላይ ታስይዛታለች። ከዚያ ማሽኑ ኳ ኳ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይላል። ሥራው ረጅም ስለሆነ በየዕረፍቱ እናቲቱ እንዳትፈራ ማውራት ነበረባት። «አይዞሽ» የሚባለው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅባት ስለ ራሷ ማውራት ጀመረች።

«እኔ ሰበታ ነው ያደግኩት» ትላለች በማይክሮፎኑ። «አክስቴ ፋብሪካ ነበረች። የማታ ፈረቃ ሲደርሳት በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ ትሄድ ነበር። እኔ ከግድግዳው ጋር አወራለሁ። ግድግዳው የተላጠ ቦታ ነበረው፣ የሴትዮ ፊት ይመስል ነበር፤ ለእሷ ነው የማወራው። ደህና ነሽ? እሺ፣ አሁን ሊጮህ ነው።»

ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነበር የምትናገረው። ዋሻው ውስጥ ያለችው ሴት ነገ አታገኛትም፣ ጆሮዋም ድፍን ስለሆነ ግማሹን አትሰማም። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ግን ሁሉንም ይሰማ ነበር። እንደሚሰማ አታውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው። ታውቃለች። በፊት ለፊት ልትነግረው የማትደፍረውን በመስታወቱ በኩል አዙራ ትነግረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዲሪርሳ ሁለት ምስሎች ከፍቶ አሳያት።

«ይህ ጉንፋን ይዞሽ ዝም ያልሽ ቀን የተነሳ ነው፤ ፕሮግራሜም ሊያድነው አልቻለም። ይህ ደግሞ ስለ አክስትሽ ያወራሽበት። ልጁ የሚረጋው አንቺ ስታወሪ ነው።»

«ማሕፀን ውስጥ ሆኖ አማርኛ ይሰማል?»

«እናቱ ትሰማለች። እናቱ ስትረጋ እሱም ይረጋል።» ከዚያ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እረጋለሁ።»

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አንድ የልጅ አንጎል ላይ አፍጥጠው ቆዩ።

እሱም ብቸኛ ነበር። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ ሲያርሱ እሱ ኮምፒውተር ላይ ይውላል። «እናቴ ገለቴ ለጎረቤት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹ልጄ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ የሚያመው ነገር አለ› ነው የምትለው» ብሎ ሲነግራት እስክታነባ ሳቀች። ቤቱ ሰሜን፣ ቤቷ ደቡብ፤ ግን ማታ ማታ እስከ አየር ጤና ይሸኛት ጀመር። የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ሰው ሁሉ ይማረራል፣ እነሱ ግን ሰልፉ ባይንቀሳቀስ ይወዱ ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ምሽት እስከ ዓለም ገና ሸኛት። ወይዘሮ ተስፋነሽ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ዕድላዊት ወደ ክፍሏ ገባ ስትል አሮጊቷ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገራቸው።

«ስማኝ ልጄ። ይቺ ልጅ ሰው የሌላት መስሎህ እንዳትጫወትባት። እኔ አለሁ።»

«እሺ እማማ» አለ ዲሪርሳ አንገቱን ደፍቶ። «የምመጣውም በእርስዎ በኩል ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ እንደ ዋዛ ጠየቃት። «እሑድ ሰው ቢመጣብሽ ትደነግጫለሽ?»

«ለእኔ እሑድ ማን ይመጣል?» አለች እየሳቀች። ፍንጩ አልገባትም። ሰው መጥቶባት ስለማያውቅ እንዴት ይገባታል?

በጥር አጋማሽ፣ እሷ ፉሪ የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ላይ በዋለችበት እሑድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ደርበው የወይዘሮ ተስፋነሽን በር አንኳኩ። መሪያቸው የዲሪርሳ አጎት ኦቦ ቀጄላ ነበሩ። እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ እንደ ደንቡ ተለምነው ተቀመጡ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ።

ወይዘሮ ተስፋነሽ አልወለዱም። በዕድሜያቸው ሙሉ የሰው ልጅ ሲዳር ሲያዩ ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ የእሳቸውን በር አንኳኳ። መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ እሺ እንደማይባል ያውቃሉ፤ «እንመካከር፣ ተመለሱ» ይባላል። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌዎቹ ግቢውን፣ የኋላዋን ክፍል፣ የተሰጣውን ልብስ ሲያዩ አዩዋቸው፤ ልጅቷ ዘመድ አልባ ተከራይ መሆኗን ገምተው እንዳይንቋት ፈሩ። እናም አንዲት ቃል ጨመሩ።

«ጠያቂዋ ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ከለገጣፎ መጥተው ነበር። ባለ ቪላ ነው።»

ኦቦ ቀጄላ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሌላ ሰው የጠየቃትን ልጅ መጠየቅ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ ጎረቤት ዋጋ የጀመረበትን ከብት እንኳ አይጠይቁም። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው መርቀው ተነሱ። ወይዘሮ ተስፋነሽ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠሩት፤ ይመለሳሉ ብለውም በደስታ እንቅልፍ አጡ። ለዕድላዊት ምንም አልነገሯትም። ሽማግሌ የመጣባት ልጅ ነገሩ መልክ ሳይይዝ አይነገራትም፤ ደንቡ ነው።

ዲሪርሳ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ። ከዚያም ቀረ። ዶክተር ዮፍታሔ «ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፣ ፕሮግራሙን እዚያው እያስተካከለ ይልካል» አለ። ፕሮግራሙ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ማዕከሉ በቋሚነት እንዲጠቀምበት ተፈቀደ። ዕድላዊት ሦስት ቀን አመንትታ «ደህና ነህ?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደስ አለሽ።» ስለ ፕሮግራሙ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር ጠፋ።

ሰው የሌለው ሰው ሲተውት ለምን ብሎ ሰውን አይጠይቅም፤ ራሱን ነው የሚመረምር። ያወራችውን ሁሉ እየመለሰች አሰበች። የተቆለፈው በር አስጠላው? ከግድግዳ ጋር የምታወራ ልጅ ጤነኛ አትመስልም አለ? በዐቢይ ጾም ቅዳሜዎች ከመስታወቱ ወዲህ ብቻዋን ተቀመጠች። ለእናቶቹ «አይዞሽ፣ አትነቃነቂ» ከማለት ያለፈ አንድ ቃል አልወጣትም። አጠገቧ ያለው ባዶ ወንበር ግን ከክፍሉ እንዲወጣ አልፈቀደችም።

በመጋቢት መጨረሻ ላይ ከሱሉልታ የተላከች እርጉዝ መጣች። ሰባተኛ ወሯ ነው። አልትራሳውንዱ የልጁ ራስ ውስጥ ያለው ውሃ በዝቷል፣ የአንጎሉን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይ ደግሞ አልታይ ብሏል ይላል። ድልድዩ ከሌለ ልጁ እንዴት ሆኖ እንደሚያድግ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም። ሴቲቱ ዱርሲቱ ትባላለች። ይዟት የመጣው የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ዲሪርሳ።

ከስቷል። ዕድላዊት ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች።

«የወንድሜ ሚስት ናት» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ሌላ የምወስድበት ቦታ አላገኘሁም።»

«ግባ» አለችው። ባዶውን ወንበር ሳበ።

ዱርሲቱ ማሽኑ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ትንቀጠቀጥ ነበር። «ሲስተር፣ ማሎ፣ እባክሽ አውጪኝ፣ ፈራሁ» ትላለች፤ ከዚያ «ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ» እያለች ፈጣሪዋን ትጠራለች። የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ልጁ ከእናቱ ጋር ይዋከባል።

«አውሪያት» አለ ዲሪርሳ።

«አንተ በቋንቋዋ አውራት።»

«ቤት ሳለን ስሞክር ነው የዋልኩት። የእኔን ፍርሃት ታውቀዋለች። እንደ ድሮው አውሪያት።»

እንደ ድሮው! ንዴት ሽቅብ ወጣባት። ማይክሮፎኑን ከፈተች፤ ወደ እሱ ሳትዞር፣ መስታወቱን ብቻ እያየች ጀመረች።

«ዱርሲቱ፣ ስሚኝ። እኔ አንድ ሰው ነበረኝ። ነበረኝ ማለት እንኳ አልችልም፣ ምንም አላለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። የማወራውን ሲሰማ ግድግዳ አልነበረም፣ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳይለኝ ቀረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደድኩት ዱርሲቱ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። እየሰማሽኝ ነው?»

ዋሻው ውስጥ ዝም አለ። የዱርሲቱ ትንፋሽ ቀስ እያለ ሲመጣ በድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር። ስክሪኑ ላይ የልጁ ራስ አንድ ቦታ ላይ ዐረፈ። ዕድላዊት ልታስጀምር እጇን ስትዘረጋ ዱርሲቱ ተናገረች።

«ሲስተር። ያ ሰው የሱሉልታ ነው እንዴ?»

የዕድላዊት እጅ ማስጀመሪያው ላይ ቀረ።

«የእኛ ልጅ እንደሆነማ ሽማግሌ ልኮ ነበር እኮ! ኦቦ ቀጄላ ራሳቸው ዓለም ገና ሄደዋል። የልጅቷ እናት ‹ለለገጣፎ ሰው ተጠይቃለች› አሉ። ባለ ቪላ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ይሄ ልጅ እህል አልበላም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ነሽ እንዴ? ያ ዋቃ! አንቺ ነሽ?»

«አትነቃነቂ ዱርሲቱ» አለች ዕድላዊት። «ልጁ ረግቷል። አሁን ሊጮህ ነው።»

ማሽኑ ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ማቆም አይቻልም፤ የረጋ ልጅ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። የልጁን ራስ ከፊት አነሳችው፣ ከዚያ ከጎን።

«ማን ነው የለገጣፎው ሰው?» አለች ዓይኗን ሳታነሳ።

«እኔ ነኝ አንቺን የምጠይቅሽ።»

«እኔ ለገጣፎ ሄጄ እንኳ አላውቅም።»

ተያዩ። ባለ ቪላው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባት፤ ወይዘሮ ተስፋነሽ ነገርን ከፍ አድርገው ሲያወሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሚሆን በደንብ ታውቀዋለች። ሳቅ መጣባት። ሳቋን ሳትጨርስ የዲሪርሳን ፊት አየችና ሳቋ ጠፋ።

«የእኛ ሰዎች ሌላ ቤት ሄደዋል» አለ። «ባለፈው ወር። እናቴ ለመነችኝ፣ እኔም ከእንግዲህ ማንም ብትሆን ምን ቸገረኝ ብዬ እሺ አልኩ። ቃል ታስሯል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው ሠርጉ።»

ማሽኑ ዐረፈ። «ጎበዝ ዱርሲቱ፣ አንድ ቀረን» አለች በማይክሮፎኑ፣ በሥራ ድምፅዋ። የመጨረሻውን ዙር አስጀመረች።

«አፈርሰዋለሁ» አለ ዲሪርሳ። «ዛሬውኑ ለአጎቴ እነግረዋለሁ።»

«ምን ይሉሃል?»

«‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ነው የሚለኝ።»

«ይህን ተረት እዚህ ክፍል ውስጥ አትተርት!» አለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ከዋሻው የዱርሲቱ ባዶ እግር ብቻ ይታያል።

«ይቅርታ» አለ።

ቆይታ ጠየቀችው። «ልጅቷ ስለ እኔ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጫንጮ ታስተምራለች። በደንብ እንኳ አንተዋወቅም።»

«ትወድሃለች?»

አንገቱን ደፋ። «ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ‹ገባህ?› ትለኛለች።»

ዕድላዊት ዓይኗን ጨፈነች። ይህችን ቃል ባይናገር ኖሮ ምን ትመልስለት እንደነበር እኔ አላውቅም። እኔ ብሆን «አፍርሰው» እለው ነበር፤ እናንተም ሳትሉ አትቀሩም። መብቷም ነበር፣ ቀድማ የተጠየቀችው እሷ ናት።

«እንግዲያው አታፍርሰው» አለች።

«ዕድላዊት…»

«ሁለት ወር ሙሉ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። የቱ ወሬዬ ላይ ነው ያስቀየምኩት እያልኩ። አንዲት ሴት ጫንጮ ተቀምጣ ይህንኑ ስታስብ እንድትኖር አላደርግም። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«አንቺስ ምን አጠፋሽ?»

«ምንም» አለች፤ ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። «እኔም ምንም አላጠፋሁም። አሁን አወቅኩት።»

ማሽኑ ዝም አለ። ዲሪርሳ የሚናገረው ሲያጣ የሚያውቀውን አደረገ፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቁራጮቹን ለፕሮግራሙ ሰጠ። ጎን ለጎን ሆነው ጠበቁ። ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ ነበር፣ አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም። የተበላሹት ቁራጮች አንድ በአንድ ወጡ፣ ደህናዎቹ ገጠሙ፣ የአንድ ያልተወለደ ልጅ አንጎል ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ መጣ። መካከሉ ላይ ድልድዩ ነበር። ቀጭን፣ ቆልመም ያለ፣ ሙሉ። ሁለቱም አዩት። ሁለቱም እንዲናገሩ አይፈቀድላቸውም፤ ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ነው። ዲሪርሳ አፉን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ለልጁ ይሁን ለራሱ አልጠየቀችውም።

ዱርሲቱ ስትወጣ የዕድላዊትን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ሲስተር፣ ልጄ?»

«ዶክተሩ ይነግሩሻል» አለች ዕድላዊት። «ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዶክተር ዮፍታሔ ነገራቸው። ድልድዩ አለ፤ ውሃው ትንሽ በዝቷል፣ ከተወለደ በኋላ እየታየ ይሄዳል፣ የሚያስጨንቅ ግን አይደለም። ውጭ አግዳሚ ላይ ስትጠብቅ የዋለችው የዲሪርሳ እናት ገለቴ እልል ስትል ውጤት ሊወስዱ የመጡት የወገብ ሕመምተኞች ሁሉ ዞሩ። ዲሪርሳ በዚያ እልልታ መሐል በበሩ በኩል ዕድላዊትን ፈልጎ አያት። እሷም አየችው። እናቱ ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው፤ እስኪሄዱ ድረስ ዞር ዞር ይል ነበር።

ዓለም ገና ስትደርስ ገና አልመሸም። ወይዘሮ ተስፋነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ በጥር ሽማግሌ መጥቶብኝ ነበር?»

የአሮጊቷ እጅ ቆመ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ማን ነገረሽ? ሲመለሱ ልነግርሽ ነበር እኮ! ጾሙ ነው የያዛቸው፣ ፋሲካ ይለፍ እንጂ ይመጣሉ። ጌሾ እንኳ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።»

እሺ ብላ ዝም ልትል ትችል ነበር። ዝምታ የሚሠራውን ግን ዛሬ አይታለች።

«አይመጡም። ሌላ አጭቷል። ለለገጣፎው ባለ ቪላ የተጠየቅኩ መስሎት።»

ወይዘሮ ተስፋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አሉ። «ሰው የላትም ብለው እንዳይንቁሽ ነው እኮ። ካፖርታቸውን ለብሰው ሲገቡ እኔ ማን ነኝ? አከራይ ነኝ። አከራይነቴን እንዳያውቁብኝ ፈራሁ። እናት ብሆን ምን እላለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ እናት ልጇን ታስወድዳለች አይደል?»

ዕድላዊት ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ስለ እኔ ምን ብለው ጠየቁዎት?»

«‹ልጅዎ ናት ወይ?› አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«ልጄ ናት አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ራሷን አሮጊቷ ጉልበት ላይ ጣለችው፤ ምስሩ ተደፍቶ በደረጃው ወረደ፣ ማንም አልሰበሰበውም። ወይዘሮ ተስፋነሽ ጠጉሯ ላይ ያለውን ላስቲክ ፈትተው በጣታቸው ያበጥሩላት ጀመር።

«ይቅር ትይኛለሽ ልጄ?»

«ዛሬ አልችልም፣ እማዬ» አለች።

ራሷን ግን ከጉልበታቸው ላይ አላነሳችም።